ባለቤቴ እየጠበቀኝ ነው

አሥር ዓመት ሲሆነኝ እናቴን ጀርመንኛ የማስጠናት ሥራ ተሰጠኝ። የሰጠኝ አባቴ ነው፣ በስልክ። «ሮሃ፣ አንቺ ጎበዝ ተማሪ ነሽ አይደል? በቃ፣ ማሚን አስጠኚያት። እሷ ፈተናውን ያለፈች ዕለት ሁላችሁም ትመጣላችሁ» አለኝ። ስልኩን ስዘጋ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

ያኔ የምንኖረው ቦሌ ሚካኤል፣ ከአንድ በያጅ ቤት ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነበር። እናቴ ሶሬቲ መጋረጃ ትሰፋለች። አባቴ ደቻሳ ኤሌክትሪሺያን ነው። ታናሽ ወንድሜ እዝራ ገና መዳህ ሳይጀምር ለሥራ ብሎ ጀርመን ሄደና እዚያው ቀረ፤ በሦስተኛው ዓመት መኖሪያ ፈቃድ አገኘ። ሚስት ባሏን ተከትላ ለመሄድ ግን መጀመሪያ እዚሁ አገሯ ላይ የቋንቋ ፈተና ማለፍ አለባት ተባለ። ስሜ ማን ነው፣ ከየት መጣሁ፣ ባቡር ጣቢያው በየት በኩል ነው፣ ዳቦ እፈልጋለሁ፣ አልገባኝም፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይናገሩ። ይህችኑ ለማወቅ ነው ያ ሁሉ።

እናቴ መጋረጃ ስትለካ ከምትጠቀምበት ወፍራም ወረቀት እየቆረጠች ቃላቱን በአማርኛ ፊደል ጻፈቻቸውና ቤቱ ሁሉ ላይ ለጠፈቻቸው። ጠረጴዛው ላይ «ዴር ቲሽ»፣ መስኮቱ ላይ «ዳስ ፌንስተር»፣ መስታወቱ ላይ «ዴር ሽፒገል»። ሦስታችንም የምንተኛበት አልጋ ራስጌ ላይ ደግሞ «ዳስ ቤት» የሚል ተሰቀለ። ይህን ሳነብላቸው እዝራ አልገባውም።

«ዳስ ነው ወይስ ቤት?» አለ።

«አልጋ ነው!»

«ታዲያ ለምን ዳስ ይሉታል?»

እናቴ በሳቅ የመርፌውን ክር ሳተች። በነጋታው «ባል» የሚለው ላይ ስንደርስ ባሰብን። ባል በጀርመንኛ «ማን» ነው። «ማን?» እላለሁ። «ማን!» ትለኛለች። «እኮ ማን?» እላለሁ። እንዲህ ስንባባል በያጁ ጋሽ ካሳዬ ከአጥሩ ማዶ «ምንድን ነው የምትስቁት? ለእኛም ንገሩን እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ቤታችን ውስጥ እንደዚያ የተሳቀበት ሌላ ወቅት አላስታውስም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወሎ ሰፈር ትማራለች። ትምህርት ቤቱ አንድ ጋራዥ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ የናፍጣ ሽታ እስከ ጥቁር ሰሌዳው ይመጣል። አንዳንዴ እኔንና እዝራን ይዛን ትሄድና ከኋላ ወንበር እንቀመጣለን። አስተማሪው ኢዩኤል የሚባል ቀጭን ወጣት ነበር። አንድ ቀን ትምህርቱ ሲያልቅ ጠራኝና «እናትሽ ጆሮዋ ይገርማል» አለኝ። ታክሲ ውስጥ ሙሉ መንገድ የእናቴን ጆሮ ሳይ ሄድኩ። ትንንሽ የወርቅ ጉትቻዎች አሉበት፣ ሌላ ምንም የለውም። አስተማሪው ጉትቻዋን ወዶት ይሆናል ብዬ ቅር አለኝ፤ ለአባቴ እነግረዋለሁ ብዬም ነበር። ሰውየው የሚያወራው አንዴ የሰማችውን ድምፅ ሳታዛንፍ ስለምትመልሰው ነገር እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ደብተሯን የምይዘው እኔ ነኝ። አማርኛውን አነብላታለሁ፣ እሷ የስፌት መኪናውን ፔዳል እየረገጠች ጀርመንኛውን ትመልሳለች። ከሁሉ ቶሎ የሚወጣላት አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። ኤምባሲ ውስጥ ለምን ትሄጃለሽ ብለው ሲጠይቋት የምትመልሰው ነው።

«ባለቤቴ እየጠበቀኝ ነው» እላለሁ።

«ማይን ማን ቫርተት አውፍ ሚሽ!» ትላለች፣ ትንፋሽ ሳትወስድ፣ ከመኪናው ፍጥነት ጋር። አንዳንዴ ሳልጠይቃትም ልብስ እያጠበች ስትለው እሰማታለሁ።

አውሮፕላን በቤታችን ቆርቆሮ ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ብርጭቆዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። እዝራ እየሮጠ ይወጣና እጁን ያውለበልባል። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ለሁሉም ተናግሬ ጨርሻለሁ። የቀለም እርሳሶቼን ለጓደኛዬ ለሸይማ ሰጠኋት፤ «እዚያ ሌላ ይገዛልኛል» ብዬ። ክፍል ውስጥ «ጀርመን» ብለው ይጠሩኝ ጀመር። ያን ጊዜ ስሙን ወድጄው ነበር።

ተፈተነች። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ሐሙስ ውጤቷን ልታመጣ ሄደች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠረጴዛው ላይ የኬክ ካርቶን አየሁ፣ በሪባን የታሰረ። እሷ ግን ቤት ውስጥ የለችም። ድምፅዋን ከጓሮ ሰማሁት። ለደንበኛ አጥባ ያሰጣቻቸው ትልልቅ ሰማያዊ መጋረጃዎች ገመዱ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ እሷ ከመጋረጃዎቹ ማዶ ቆማ ስልክ ታወራለች። ከታች ጫማዋ ብቻ ይታየኛል። ለቤተ ክርስቲያን የምታደርገው ጫማ ነው።

«‹ትንሽ ቆዩ› ማለት ምን ማለት ነው?» አለች። የሚላትን አዳመጠች። «ከመቼ ጀምሮ?»

አንዱ ጫማዋ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ስሟ ማን ነው?»

ይሄኔ ገባኝ ብዬ አሰብኩ። ፈታኟ ናት። ፈታኟ ሴት ነች፣ ክፉ ሴት ነች፣ እናቴን የጣለቻት እሷ ነች፤ አባቴ እዚያ ሆኖ ስሟን አጣርቶ ደርሶበታል ማለት ነው።

«ስንት ወሩ ነው?» አለች። ቀጥላ በቀስታ ደገመችው፣ «ስድስት ወር።»

ለሚቀጥለው ፈተና ስድስት ወር ይቀራል ማለት ነው ብዬ በጣቴ ቆጠርኩ። ክረምቱ መግቢያ ላይ ይሆናል።

መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ተለወጠ፤ ከደንበኛ ጋር ቀጠሮ እንደምትይዝበት ያለ ድምፅ ሆነ። «ልጆቹ እንዳይሰሙ። እኔ የምላቸውን እላቸዋለሁ፣ አንተም ያንኑ ትላለህ። ስልክህ ደግሞ እንዳይቀርባቸው። ይሄን ብቻ ነው የምለምንህ።»

ወደ ቤት ሮጬ ገብቼ ደብተር የማነብ መሰልኩ። እሷም ገባች። ፊቷን ታጥባለች። ካርቶኑን ይዛ ለእኔና ለእዝራ ጀርባዋን ሰጥታ ፈታችው፤ ቢላዋ አንስታ ትንሽ ቆየች። ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው የኬኩ ክሬም ላዩ ላይ ተዛንቋል፣ ጽሑፍ የነበረበት ቦታ ሮዝ ቀለም ብቻ ሆኗል።

«ታክሲ ውስጥ ተጫነብኝ» አለች። ቀጠለችና፣ «ልጆች፣ ማሚ አላለፈችም። ግን እንደገና እፈተናለሁ። እሺ? ኑ ኬክ ብሉ።»

እዝራ ሁለት ቁራጭ በላ። እኔም በላሁ። የወደቀ ሰው ኬክ ይገዛል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። እንድናለቅስ ስላልፈለገች ነው ብዬ አሰብኩና ስለ ክፉዋ ፈታኝ ለእዝራ በጆሮው ነገርኩት።

ከዚያ በኋላ ጥናቱ ቀጠለ፤ እናቴ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ቅዳሜ ብቻዋን ትሄዳለች፣ እኛን መውሰድ ተወች። የምታውቃቸው ቃላት ይጠፉባት ጀመር። ከሁሉ የገረመኝ ያ እንደ ውኃ ይፈስላት የነበረው ዐረፍተ ነገር መጥፋቱ ነው።

«ባለቤቴ እየጠበቀኝ ነው» እላለሁ።

«ማይን…» ትልና ትቆማለች።

«ማን!» እላታለሁ። «ማሚ፣ ማን! ይሄን እኮ ታውቂው ነበር!»

«ማይን ማን…» ትላለች። ከዚያ አታልፍም። ደግሜ፣ ሠልሼ እጠይቃታለሁ። አስተማሪዬ እንደሚያደርገው በማስመሪያ ጠረጴዛውን እየመታሁ አምስት ጊዜ ያስባልኳት ቀን አለ። እሺ ብላ ለማለት ሞከረች። ዛሬ ስለዚያ ማስመሪያ ሳስብ እጄን መደበቂያ አጣለሁ።

ሁለተኛው ፈተና ሊደርስ ሲል ቤተ ክርስቲያን ተጸለየላት። ፓስተሩ «እህታችን ሶሬቲ እግዚአብሔር በሩን ሊከፍትላት ነው!» ብሎ ወደ ፊት ጠራት። ጉባኤው ሁሉ እጁን ዘረጋ። እሷ መድረኩ ሥር ተንበርክካ አይቼባት የማላውቀውን ለቅሶ አለቀሰች፤ «ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ» ስትል ሰማኋት። ከጎኔ የነበሩት እትዬ ዘርፌ «መንፈስ ነክቷታል» አሉኝ። በእናቴ በጣም ኮራሁ። ዘንድሮስ እናልፋለን አልኩ።

በፈተናው ቀን ጠዋት ለብሳ ወጣች፣ ማታ አካባቢ ተመለሰች። ከሳምንታት በኋላ ወደቅሁ አለችን።

ሀጀር የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ጓደኛ ነበረቻት፤ መጋረጃውን የምትሰፋው ከእሷ ሱቅ ጨርቅ እየወሰደች ነው። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀምጬ ሲያወሩ ሰማሁ።

«እስከ መቼ ነው ግን ሶሬቲ? ንገሪያቸውና ይውጣልሽ!» አለች ሀጀር።

«ትንሽ ይደጉ።»

«አንቺስ? ደንቆሮ ተብለሽ ልትኖሪ ነው?»

«ተብዬ የምሞት አይደለሁ።»

ሀጀር ትምህርቱን እንድታቆም እየገፋፋቻት መሰለኝ። እናቴ ከሄደች መጋረጃ የሚሰፋላት ስለምታጣ ነው አልኩና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ስትለኝ ፊቴን አዞርኩባት። ሁለተኛውና ሦስተኛው «ፈተና» የተባሉት ቀናት እናቴ ጠዋት የወጣችው ወደዚያችው ሱቅ ጓዳ እንደነበር፣ ሀጀር ምሳ እያቀረበችላት፣ በር ዘግታላት እንዳዋለቻት ከብዙ ዓመት በኋላ ራሷ ሀጀር ነግራኛለች።

አባቴ በየሁለት ሳምንቱ ይደውላል። «እሺ፣ ተማሪሽ እንዴት ናት?» ይለኛል እየሳቀ። አንድ ቀን ድፍረት አገኘሁና «አባቢ፣ እኔ ልፈተንላት? ሁሉንም አውቀዋለሁ» አልኩት። እዚያው ስልኩ ላይ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ወረድኩለት። ስሜ ሮሃ ነው፣ ከኢትዮጵያ ነኝ፣ ባቡር ጣቢያው የት ነው፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይናገሩ። ከኋላው የሕፃን ድምፅ ይሰማ ነበር። ጨረስኩ። «ጎበዝ» አለኝ በመጨረሻ፤ «ጎበዝ። ማሚን በርቺ በያት።»

ሦስተኛው ውጤት መጣ በተባለበት ሰሞን ትምህርት ቤት መከራዬን እያየሁ ነበር። «ጀርመን፣ አውሮፕላንሽ ጎማው ፈነዳ እንዴ?» ይሉኛል። ሸይማ የቀለም እርሳሶቼን ስትጠቀምባቸው ከጎኗ ቁጭ ብዬ አያለሁ፣ መልሺልኝ ማለት አልቻልኩም። እናቴ እንደገና «አላለፍኩም» ስትል ቦርሳዬን እንዳዘልኩ ነበርኩ።

«ደደብ ስለሆንሽ ነው!» አልኳት። «ሁሉም ሰው ያልፋል፣ አንቺ ብቻ ነሽ የማታልፊው! አባቢ ጎበዝ ሚስት ቢያገባ ኖሮ እኮ ይሄኔ ሄደን ነበር!»

እግሯ ፔዳሉ ላይ ቆመ። ያያችኝ አስተያየት ቁጣ ቢሆን ኖሮ እረሳው ነበር። እንደ መደንገጥ ያለ ነገር ነው፤ ከየት ሰማሽ የሚል። እንዳልሰማሁ ስታውቅ ዓይኗን መለሰች።

«ልክ ነሽ» አለች።

ከዚያ «እዝራ፣ ና ጫማህን ልሰርልህ» አለች። ጫማው ታስሮ ነበር።

ወረቀቶቹን በሙሉ ከየቦታቸው የገነጠልኳቸው እኔ ነኝ። ማንም አልከለከለኝም። ማታ እሷ ወለሉን ጠረገች። ስለ ጀርመን ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ብዙም አልተወራም። የአባቴ ስልክ በወር ሆነ፣ ቀጥሎ በበዓል በበዓል። እኔም እናቴን ይቅር አልኳት፤ ማለትም ዝቅ አድርጌ ማየቱን ለመድኩት። የትምህርት ቤት ወረቀት ሲመጣ አላሳያትም፣ አይገባትም ብዬ። የወላጅ ስብሰባ ስትመጣ ከኋላ እንድትቀመጥ እነግራታለሁ። ትቀመጥ ነበር። እንዲህ አድርጌ አሥራ አንድ ዓመት ኖርኩ።

ባለፈው ዓመት ነርሲንግ ጨረስኩ። እንደ ብዙ ጓደኞቼ ጀርመንኛ ተምሬ በሙያዬ ለመሄድ አሰብኩና ወሎ ሰፈር ያለውን ያንኑ ትምህርት ቤት ፈልጌ አገኘሁት። ጋራዡ ፈርሶ ሕንፃ ሆኗል። ኢዩኤል ወፍሯል፣ ጢሙ ሸብቷል። ፎርሙን አይቶ ቀና አለ።

«ሮሃ ደቻሳ… የሶሬቲ ልጅ አትሆኚም? ‹ማይን ማን ሃይስት ደቻሳ፣ ባሌ ደቻሳ ይባላል› ስትል አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ! እንዴት ናት? እዚያ ተመቻቸው?»

«አልሄድንም። ቦሌ ሚካኤል ነን።»

«እንዴ! ለምን?»

«ፈተናውን ወድቃ ነዋ» አልኩ። እንደ ቀልድ ነበር ያልኩት።

ሳቀ። ፊቴን አይቶ ሳቁን አቆመ። «ሶሬቲ? የኔ እህት፣ ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶብሻል። እናትሽ በመጀመሪያው ነው ያለፈችው፣ ዘጠና አንድ አምጥታ! ሰርተፍኬቷን ይዛ እዚህ ድረስ መጣች እኮ፤ ይሄ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ በደስታ አለቀሰች። ‹ለልጆቼ ኬክ ልግዛ› ብላ ነው የወጣችው። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ሄዳለች ብዬ ነዋ።»

ፎርሙን ሳልሞላ ወጣሁ። ከወሎ ሰፈር እስከ ቦሌ ሚካኤል በእግሬ ሄድኩ፤ ታክሲ ውስጥ ከሰው ጋር መቀመጥ አልቻልኩም። ስድስት ወር። ማሚ፣ ስድስት ወር ያልሽው የፈተናውን ቀጠሮ አልነበረም። አሁን አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው፣ ስሙን የማላውቀው፣ ፊቱ ምናልባት እዝራን የሚመስል ልጅ አለ። እኔም ድምፁን ሰምቼዋለሁ።

እናቴ መጋረጃ እየለካች አገኘኋት። በሩ ላይ ቆሜ «ኢዩኤልን አገኘሁት» አልኩ። ሜትሩን ቀስ ብላ ጠቀለለችው።

«ለእዝራ ነገርሽው?» የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነው።

«አልነገርኩትም።»

«እንዳትነግሪው።»

«ማሚ! እኔ እኮ… ደደብ ብዬሻለሁ። በማስመሪያ ጠረጴዛ እየመታሁ… ለምን አልነገርሽኝም?»

አልጋው ላይ ተቀመጠች። «አሥር ዓመትሽ ነበር። ነገሩ ወይ እኔን ያስጠላሻል ወይ እሱን። እኔን ብትጠዪኝ እዚሁ ነኝ፤ ሲነጋ ቁርስ ትበያለሽ፣ ፀጉርሽን እሠራሻለሁ፣ ይበርድልሻል። እሱን ብትጠዪው በምን ትታረቂዋለሽ? በስልክ?»

«እሱስ? እያወቀ ‹ማሚን አስጠኚያት› ይለኝ ነበር እኮ!»

«እንደዚያ በል ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። ጉልበቷ ላይ ያለውን ጨርቅ በእጇ ደባበሰችው። «ያን ያህል ይቀለዋል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።»

ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር። ቃሉን አጣሁት። ሦስት ቋንቋ እችላለሁ ብዬ ሥራ ማመልከቻዬ ላይ እጽፋለሁ።

ያለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ እየበላን አባቴ በቪዲዮ ደወለ። እዝራ ስልኩን ብርጭቆ ላይ አስደግፎ አቆመው። አሁን አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አባቱን የሚያውቀው በዚያ ስልክ ስፋት ብቻ ነው፤ ግን ሲያየው ፊቱ እንዴት እንደሚፈካ! አባቴ ፀጉሩ ሳስቷል፣ ከኋላው ንጹሕ ነጭ ወጥ ቤት ይታያል።

«ሮሃ! ጀርመንኛ ልትጀምሪ ነው አሉ!» አለኝ። «ጎበዝ። አንቺ እንኳን እንደ ማሚ አታስቸግሪም።» ሳቀ። እዝራም ሳቀ።

አፌን ከፍቼ ነበር። እናቴ የወጥ ጭልፋ እንደያዘች ቆማለች። ታየኛለች። አፌን ዘጋሁ።

ስልኩ ሲዘጋ እዝራ ዳቦውን እየቆረሰ «ማሚ፣ ግን እውነት ሦስቴ ወደቅሽ?» አላት።

«ሦስቴ።»

«ምኑ ነው እንደዚያ የከበደሽ?»

እናቴ ወጡን ጨለፈችና ትንሽ አሰበች። «እኔ ምኑን አውቄው። እሷን ጠይቃት፤ እሷ ናት ያስጠናችኝ።»

እዝራ ወደ እኔ ዞረ። እሷ አልዞረችም፤ ለእኔ ወጥ እየጨመረች ነው፣ እጇ ሰሐኑ ላይ ቆሟል።

«ቃላቱን አትይዝም ነበር» አልኩት። «ዛሬ ያስጠናኋትን ነገ ትረሳዋለች።»

እዝራ በሳቅ ፈነዳ። እናቴም ሳቀች፣ ከእሱ አስበልጣ።